ራስዎ እስኪያነቡት ድረስ

ድምፁን የሰማሁት ፊቴን ስታጠብ ነው፤ ብረት በብረት ሲመታ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ አንድ ጊዜ።

ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ። አርባ ቀን ሙሉ ያልተሰማ ድምፅ ነበር። ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ከቀበሌው አዳራሽ ፊት ለፊት ካለው ግራር ላይ አንድ ክንድ የምታህል የሐዲድ ቁራጭ ተንጠልጥላለች። እሷን ሦስት ጊዜ መትቶ፣ ትንፋሽ ወስዶ፣ አንድ የሚጨምር ሰው በከተማው አንድ ብቻ ነበር። ጋሽ ደገፋ። ሦስቱ “ኑ” ማለት ነው ይሉ ነበር፤ አራተኛዋ ደግሞ “የዘገያችሁም ኑ”። ጋሽ ደገፋ ከሞቱ ግን ዛሬ አርባኛ ቀናቸው ነው።

ፊቴን ሳላደርቅ ወጣሁ። የመጋቢት ንፋስ አቧራውን ከጣቢያው በኩል እያመጣ መንገዱ ላይ ይበትነዋል። ግራሩ ሥር ስደርስ ባለጋሪው አባ ጉደታ የጎማ መፍቻቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ፈረሳቸው ከኋላ ያዛጋል።

“አካም ኦልተን፣ መምህር” ብለው በኦሮምኛ እንደምን ዋልክ አሉኝ፤ የሚያፍሩ ይመስላሉ።

“ማን ደውሉ አለዎት?”

“ማንም። ንፋሱ ሲያወዛውዛት አየሁና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ደግሞስ ዛሬ ትምህርት አለ አይደል እንዴ? አርባቸውን በትምህርት እናስባለን አላላችሁም?”

ብለናል። ድንኳንም ድግስም ይቅር፣ በተለመደው ቀንና በተለመደው ሰዓት፣ ማክሰኞ አስር ሰዓት ላይ፣ በየአግዳሚያችን ተቀምጠን እናስባቸዋለን ብለናል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ዘገዬ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሮበታል። ጋሽ ደገፋ የተዉት ሣጥን ተከፍቶ በውስጡ የቀሩት ደብዳቤዎች ለባለቤቶቻቸው ይሰጡ፤ ሣጥኑም ይነሳ።

ያን ውሳኔ ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሣጥኑ ውስጥ ካሉት ደብዳቤዎች አንዱን አውቀዋለሁ። የማን እንደሆነ፣ ለማን እንደተጻፈ፣ በሰው ፊት ቢነበብ ምን እንደሚያፈርስ አውቃለሁ። ይህን የምናውቀው በሕይወት ካሉት ሰዎች ሁለት ብቻ ነን።

“የመጨረሻዋን አሳምሬ መታኋት?” አሉ አባ ጉደታ።

“እንደሳቸው ነው” አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ፈረሳቸው አዞሩ፤ ለረጅም ጊዜም ልጓሙን ሲያስተካክሉ ቆዩ።

*

ጋሽ ደገፋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ከረጢት ተሸክመውበታል። ቀጥሎ ሃያ ስምንት ዓመት ምድር ባቡር ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጡ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ለማስተማር ከተመዘገቡት ሁሉ በዕድሜ የገፉት እሳቸው ነበሩ፤ ቀበሌውም ሽማግሌዎቹን ለሽማግሌው ሰጣቸው።

ዙሩ አለቀ፣ ፈተና ተፈተኑ፣ የምስክር ወረቀት ታደለ፣ ከበሮ ተመታ። በማግስቱ ሰኞ አስር ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ ተመልሰው መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። በጉልት ሽንኩርት ሻጭነታቸው ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው እማማ አበዛሽ ናቸው አፋቸውን የከፈቱት።

“ወረቀቱስ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እኛስ የት እንሰቀል?”

ጋሽ ደገፋ ጠመኔ አነሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም የማቆሚያ ቀን አልቆረጠለትም። ፊደል የጨረሰ ወደ ሁለተኛ ክፍል ያልፋል፤ እዚያ ካርታ እናያለን፤ ወባ ከምን እንደምትመጣ፣ ጨረቃ ለምን እንደምትጎድል፣ የባቡር ቴሌግራፍ እንዴት እንደሚናገር እንማራለን። አንድ ጊዜ ጓድ ዘገዬ “እስከ መቼ ነው የሚማሩት?” ብሎ ሲጠይቃቸው ጋሽ ደገፋ ሳይዞሩ መለሱለት፦

“ምን የሚያስቸኩል አለ? ሞትም ቢመጣ ደጅ ይጠብቀን፤ ክፍል ውስጥ ነን።”

እኔ የመጣሁት በ1973 መጨረሻ ነው። ወንጂ የሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ሆኜ አድጌ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ከጣቢያው አጠገብ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ከሰው ይልቅ ከመስኮቴ ጋር ስኖር ነው ያገኙኝ። “ፈይሳ፣ የምታየውን ነገር አይተህ ስትጨርስ ና አግዘኝ” አሉኝ። ሰኞና ረቡዕ ሁለተኛውን ክፍል ያዝኩ። ማክሰኞና ሐሙስ ጀማሪዎቹ የእሳቸው ነበሩ።

ሣጥኑን ያገኘሁት ከእኔ በፊት ተቀምጦ ነው። አመጣጡ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ወር ልብስ ሰፊው ጋሽ አብዱልጀባር ከድሬዳዋ የመጣ የልጃቸውን ደብዳቤ ይዘው መጡ፤ ጋሽ ደገፋም እንደ ወትሮው ጮክ ብለው አነበቡላቸው። ልጅቷ ባሏ ጥሏት እንደሄደ ነበር የጻፈችው። አሥራ ሁለት ሰው ሰማ። ጋሽ አብዱልጀባር ቆባቸውን አንስተው ወጡ፤ ለአንድ ሳምንትም አልተመለሱም።

በሳምንቱ ጋሽ ደገፋ ከግምጃ ቤት የተጣለ የሻይ ቅጠል ሣጥን ተሸክመው መጡና ጥቁር ሰሌዳው ሥር አስቀመጡት። “ከዛሬ ጀምሮ የሰው ደብዳቤ አላነብም” አሉ። “የመጣልዎትን እዚህ ይጨምሩ። ራስዎ እስኪያነቡት ድረስ ይቆይዎታል።”

“መርዶ ቢሆንስ?” አሉ እማማ አበዛሽ።

“መርዶ ድሮም በሰው እንጂ በወረቀት አይመጣም።”

ደንብ ሆነ። ማንበብ ቻልኩ ያለ ሰው ደብዳቤውን ከሣጥኑ ያወጣል፤ መስኮቱ ሥር ይቆማል፤ ለራሱ፣ በዝምታ ያነባል። ሌላው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ሲጨርስ “ደርሶኛል” ይላል። ያን ጊዜ “እሰይ!” እንላለን፤ እማማ አበዛሽም እልል ይላሉ። አባ ጉደታ ከወታደር ልጃቸው የመጣውን ደብዳቤ ለማንበብ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። አንብበው ሲጨርሱ “ደርሶኛል” ከማለታቸው በፊት ቁጭ አሉ። “ወንድ ልጅ ተወለደ ይላል። ይኼኔ እኮ ይሮጣል!” አሉ፤ ሳቁም ዕንባውም አንድ ላይ መጣባቸው።

እንዲህ ያለ ሣጥን ነበር። የቸኮለ ሰው አይወደውም።

*

እትዬ ሻሼ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ይቀመጣሉ። ጥቁር ጃንጥላ፣ ሁልጊዜ የታጠበ ነጠላ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የከተማው ትልቁ ወፍጮ ቤት ጌታ ነበሩ፤ ከአርሲ ነገሌ ስንዴ ጭኖ የሚመጣ መኪና ሁሉ ደጃቸው ላይ ነበር የሚያራግፈው። ወፍጮው ከተወረሰ፣ ባለቤታቸውም ካረፉ በኋላ በቀረችው ቤት ከልጃቸው ከአሳምነው ጋር ይኖራሉ። አሳምነው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ በላንድሮቨር ያመጣቸዋል፣ ውጭ ቆሞ ሲጋራውን ያጨሳል፣ ይመልሳቸዋል። ወደ ውስጥ አይገባም። በአፍ ሁላችንም ጓድ ነበርን፤ ነገር ግን ጋሽ ደገፋ በወጣትነታቸው ከረጢት የተሸከሙት በዚያው በአባቱ ወፍጮ ቤት መሆኑን አሳምነው አልረሳም። “እናቴ በአባቴ ኩሊ ፊደል ትቆጥራለች” ብሎ መሳቁን ሰዎች አምጥተው ነግረውናል።

እትዬ ሻሼ ደግሞ አልቆጥር አሉ። ክፍሉ በተጀመረ ገቡ፤ በ1974 አብረዋቸው የጀመሩት ሁሉ ወደ እኔ ሲያልፉ እሳቸው ገና “ሰ” ላይ ናቸው። ያለፉትም ማክሰኞና ሐሙስ መምጣት አልተዉም። “ሸ” ላይ ሲደርሱ፣ በስማቸው መጀመሪያ ላይ፣ ጠመኔው ከእጃቸው ይወድቃል።

“እትዬ ሻሼ፣ ፊደሉ ራሱ ሰልችቶት አፍ አውጥቶ ሊነግርዎት ነው!” ይላሉ እማማ አበዛሽ።

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ አበዛሽ።”

“የእርስዎማ እንቁላል ዶሮዋ ረስታዋለች!”

ክፍሉ ይስቃል። ጋሽ ደገፋ አይስቁም። ወደ ሰሌዳው ዞረው “ሸ”ን እንደገና፣ በጣም ቀስ ብለው ይጽፏታል። እትዬ ሻሼ ፊደሏን አያዩም፤ የሚያዩት ዝቅ ያለውን ትከሻ ነበር። ይህን እኔ ከበሩ አጠገብ ሆኜ አያለሁ። ማየት ብቻ ነበር የምችለው።

ስህተቱን የሠራሁት በዚያ ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። ቀደም ብዬ ስመጣ እትዬ ሻሼ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ስኳር የተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያያሉ። ዓይናቸው መስመሩን ይከተላል፤ ይጨርሳል፤ ወደ ሌላው መስመር ይወርዳል። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም። ጀማሪ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሁላችንም እናውቃለን። ሌሎቹ በዚያች ቅጽበት ሲገቡ እኔ በደስታ ጮህኩ፦

“እትዬ ሻሼ አነበቡ! ጋዜጣ አነበቡ!”

እማማ አበዛሽ እልልታውን ጀመሩት። እትዬ ሻሼ ፊታቸው ጠቆረ። ጋዜጣውን አጣጠፉ።

“ሥዕሉን ነው ያየሁት፣ ልጄ” አሉ።

ገጹ ላይ ሥዕል አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ አምስት ሳምንት ቀሩ።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ጋሽ ደገፋ ሦስቱን መትተው አራተኛዋን ሁለት ጊዜ መቷት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲህ ሲያደርጉ አላየሁም። ትምህርቱ ሲያልቅ ጣቢያው አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። የመተሐራው ባቡር አለፈ።

“እትዬ ሻሼ ማንበብ ይችላሉ” አልኳቸው። “ዓይኔ አይዋሸኝም፣ ጋሼ።”

“አውቃለሁ። እኔን ሀ ሁ ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው።”

የነገሩኝን በአጭሩ እጽፈዋለሁ፤ እሳቸውም በአጭሩ ነው የነገሩኝ። ወፍጮ ቤት ውስጥ የሰው እህል ከሰው እህል እንዳይቀላቀል በየከረጢቱ ላይ የባለቤቱ ስም በከሰል ይጻፋል። የምትጽፈው ወጣቷ የቤቱ እመቤት ነበረች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ደገፋ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ይሸከማል። የማን ከረጢት የትኛው እንደሆነ ደጋግሞ ሲጠይቃት አንድ ቀን አግዳሚው ላይ በረጋው ዱቄት ላይ በጣቷ “ደ” ብላ ጻፈችለት። “ይኼ የአንተ ነው” አለችው። በሌላው ቀን “ገ”። በሌላው ቀን “ፋ”። ከዱቄቱ ያለፈ ነገር አልነበረም ብለው በእናታቸው ስም ማሉልኝ። ባልየው አንድ ጠዋት ገብቶ ዱቄቱ ላይ የሁለት ሰው ጣት የጻፈውን አየ። በመዳፉ ጠረገው። ደገፋ በዚያው ቀን ተባረረ። እሷም ዳግመኛ እንዳታነብና እንዳትጽፍ በልጇ ራስ ላይ እጇን ጭና ማለች።

“ልጁ አሳምነው ነበር” አሉ ጋሽ ደገፋ። “ያን ጊዜ በደረቱ ይሳባል።”

“ታዲያ አሁን ለምን እንደ ጀማሪ ይቀመጣሉ?”

“አንተስ ማክሰኞና ሐሙስ የማን ነው ትላለህ?” አሉኝና ተነሡ። ትከሻቸው ዝቅ እንዳለ፣ ሐዲዱን ተከትለው ሄዱ። ባቡሩ ካለፈ ቆይቷል፤ እኔ ግን መሬቱ ገና የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ።

*

በተከታዩ ማክሰኞ እትዬ ሻሼ ተመለሱ። “ዓይኔን አሞኝ ነበር” አሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

“እንኳን ተሻለዎት” አሉ ጋሽ ደገፋ። “የት ላይ ነበር ያቆምነው?”

“ሸ ላይ።”

“እንግዲያው ከሸ እንጀምራለን።”

የዚያን ቀን ሁሉም ሲወጣ እኔ ሰሌዳውን እየጠረግሁ ነበር። ጋሽ ደገፋ ከኮታቸው ኪስ ፖስታ አወጡ፤ ቴምብር የለውም። የተጻፈበትን ወደ ታች አድርገው ሣጥኑ ውስጥ ጣሉት።

“የእርስዎም ደረሰ” አሉ።

እትዬ ሻሼ ሣጥኑን እንደ ሰው አዩት። “የላከው ሰው ማንበብ እንደማልችል አያውቅም?”

“የላከው ሰው የሚያውቀውን ያውቃል። አይቸኩልም። የሚያነቡት ዕለት መልሱ እሱ ነው ብሏል፤ ሌላ መልስ አይፈልግም።”

“በሰው ሁሉ ፊት?”

“ደንቡ ለማንም አይታጠፍም። እንደ ዱቄቱ ተደብቆ እንዲቀር አይፈልግም።”

ጨርቁን ይዤ ቀረሁ። ሰሌዳው ላይ ምንም የቀረ ጽሑፍ አልነበረም፤ እኔ ግን እጠርጋለሁ። እትዬ ሻሼ ጃንጥላቸውን አነሱ። ከውጭ የላንድሮቨሩ ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ማክሰኞና ሐሙስ ሲገቡ የሣጥኑን ክዳን በሁለት ጣታቸው ነካ አድርገው ወደ ሦስተኛው አግዳሚ ያልፋሉ። አንዳንድ ቀን ጣቶቹ ክዳኑ ላይ ይቆያሉ፤ ጋሽ ደገፋ ጠመኔያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ከዚያ ጣቶቹ ይነሳሉ። ደብዳቤውን ቢያወጡ መሐላቸውን በልጃቸው ፊት ማፍረሳቸው ነው፤ ለባላቸው ኩሊ “እሺ” ማለታቸው ነው፤ ከጀማሪ ክፍልም መውጣታቸው ነው። ባያወጡት ማክሰኞና ሐሙስ አለ። እኔ እሳቸውን ብሆን ምን እንደማደርግ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አላወቅሁም።

በጥር መጨረሻ ጋሽ ደገፋ ወባ ያዛቸው፤ ወባው ወደ ሌላ ዞረ። ክፍሉ በሙሉ ሆስፒታል ሄድን። እማማ አበዛሽ ብርቱካን፣ ጋሽ አብዱልጀባር የሰፉትን አዲስ ቢጃማ ይዘዋል። እትዬ ሻሼ ምንም አልያዙም፤ በእግርጌ በኩል ቆሙ።

“ትምህርቱ እንዴት ነው?” አሉ ጋሽ ደገፋ፤ ድምፃቸው ወረቀት ሆኗል።

“ስሜ ጋ ልደርስ ነው” አሉ እትዬ ሻሼ።

“ጊዜ አለን።”

“አለን። አይዞህ።”

“አይዞዎት” አላሉም። ሁላችንም ሰማን። እማማ አበዛሽ ዞረው አዩኝ፤ እኔ መስኮቱን አየሁ። አልጋው ላይ ያለው ሰው ግን ፈገግ አለ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ሰው ፈገግታ ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፉ። በቀብራቸው እትዬ ሻሼ ከሩቅ ቆሙ፤ ከልጃቸው ጎን፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው። ዕንባ አላየሁባቸውም። ያየሁት ሁለቱ ጣቶቻቸው የጃንጥላውን እጀታ ነካ ነካ ሲያደርጉ ነው።

*

አስር ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ጓድ ዘገዬ ጠረጴዛው ላይ፣ ሣጥኑ ጠረጴዛው ሥር። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። አቶ አሳምነው ዛሬ ብቻ ወደ ውስጥ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ አርባ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። እትዬ ሻሼ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ናቸው። ሲገቡ ክዳኑን አልነኩትም።

መጀመሪያ እያንዳንዱ አንድ አንድ ነገር እንዲል ተባለ። አባ ጉደታ የልጅ ልጃቸውን ፎቶግራፍ አሳዩ፤ ተቀመጡ። ጋሽ አብዱልጀባር “ምሥጢሬን አንድ ቀን ቢያወጣብኝ፣ ዕድሜ ልኬን እንድጠብቀው አስተማረኝ” አሉ። እማማ አበዛሽ ቀኝ እጃቸውን አንስተው አውራ ጣታቸውን አሳዩ።

“ይቺን ጣት ከቀለም ያወጣልኝ እሱ ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ ፊርማዬ እሷ ነበረች። አሁን አጨበጭብባታለሁ እንጂ አልፈርምባትም።”

ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ።

“ወደ ሣጥኑ እንለፍ” አለ ጓድ ዘገዬ። “ጓድ ፈይሳ፣ ስም እየጠራህ አድል።”

ሰባት ደብዳቤ ነበር። ስድስቱን ለየባለቤቶቻቸው ሰጠሁ። የቀረው አንዱ ሣጥኑ ታች ተኝቶ ጀርባውን ሰጥቶናል። ሳነሳው ከእጄ አምልጦ ተገለበጠ። የፊተኛው አግዳሚ አየው። ከፊተኛው አግዳሚ አልፎ ማንበብ አላስፈለገም። ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊደል የቆጠረው ከዚያ እጅ ጽሕፈት ላይ ነው፤ ያን የ“ሻ” እግር፣ ወደ ቀኝ ዝቅ የሚለውን፣ ከመካከላችን የሚስተው የለም።

“የመምህራችን እጅ ነው!” አሉ አባ ጉደታ ተነሥተው። “ለወይዘሮ ሻሼ ይላል!”

አዳራሹ ንብ ሆነ።

“ኑዛዜው ይሆናል።” “ለሁላችን ይሆናል፣ በእሳቸው ስም።” “ይነበብልን እንጂ!”

“እትዬ ሻሼ ማንበብ ስለማይችሉ” አለ ጓድ ዘገዬ፣ “ጓድ ፈይሳ ጮክ ብለህ አንብብልን።”

“ደንቡ አይፈቅድም” አልኩ። “ራሳቸው እስኪያነቡት ድረስ ይቆያል።”

“ደንቡን ያወጣው ሰው ሞቷል፤ ሣጥኑም ዛሬ ይነሳል። የት ይቆያል?”

አቶ አሳምነው ከበሩ ተነሥቶ መጣ። ደግ ፊት ነበር የያዘው፤ ያ ነው የከፋው። እጁን ዘረጋልኝ። “ስጠኝ፣ ወንድሜ። የእናቴ ደብዳቤ ከሆነ እኔ አነብላታለሁ። እማዬ ፊደል ስለማትለይ እኮ ነው። ምን ችግር አለው?”

ወደ ሦስተኛው አግዳሚ አየሁ። እትዬ ሻሼም አዩኝ። አምስት ዓመት ሙሉ የሚማሩ መስለው ያልተማሩትን ሁሉ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የተሸከሙትን መሐላ፣ ልጃቸው በተዘረጋ እጁ ሊወስደው ቆሟል። ዝም ቢሉ ማንበብ መቻላቸው ተሸሽጎ ይቀራል፤ ደብዳቤው ግን ላኪው ባልመረጠው አፍ ይነበባል። እኔ ልወስንላቸው አልቻልኩም። ፖስታውን በልጃቸው እጅና በእሳቸው መካከል፣ አየር ላይ ያዝኩት።

እትዬ ሻሼ ተነሡ።

በመካከል ያለውን መንገድ ቀስ ብለው መጡ። ፖስታውን ከእጄ ወሰዱ፤ ጣታቸው ቀዝቃዛ ነበር። ወደ ሰሌዳው አልሄዱም፣ ወደ ጠረጴዛውም አልሄዱም። መስኮቱ ሥር ሄደው ቆሙ።

“እማዬ?” አለ አቶ አሳምነው።

ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። መነጽር ነበር፤ ማናችንም አይተነው የማናውቀው፣ አንዱ ዘንግ በክር የታሰረ። አደረጉት። ፖስታውን በጥፍራቸው ከፈቱ። አንድ ቅጠል ወረቀት ነበር።

ዓይናቸው መስመሩን ያዘ። ተከተለ። ጨረሰ። ወደ ሁለተኛው ወረደ። ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም።

መጀመሪያ የገባቸው እማማ አበዛሽ ናቸው፤ በአውራ ጣታቸው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ጋሽ አብዱልጀባር ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ አግዳሚ በአግዳሚ፣ እንደ ንፋስ፣ ሁሉም ገባው። አቶ አሳምነው የተዘረጋ እጁን ማውረድ ረስቶ ነበር።

አንድ ቦታ ላይ፣ ከገጹ አጋማሽ በታች፣ እትዬ ሻሼ ቆሙ። ፈገግ አሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ቀጠሉ። ምን እንደተጻፈ አላውቅም፤ ለማወቅም አልሞከርኩም። ከጣቢያው በኩል ባቡር ጮኸ፣ መጣ፣ አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ እሳቸው አንገታቸውን ቀና አላደረጉም። ሲጨርሱ ከላይ ጀምረው ደግመው አነበቡት።

ወረቀቱን በመጣበት እጥፋት አጠፉት። ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። መነጽሩን አወለቁ።

“ደርሶኛል” አሉ።

“እሰይ” ሊል የተነሣ አፍ ሁሉ እዚያው ቀረ። እልልታም አልመጣም። እማማ አበዛሽ ያለቅሱ ነበር።

እትዬ ሻሼ ወደ አግዳሚያቸው ተመልሰው ጃንጥላቸውን አነሱ። ደብተራቸው እንደተከፈተ ቀረ፤ ገጹ በሙሉ “ሸ” ነው፣ አንዷም ያላለቀች። በልጃቸው ፊት ሲደርሱ ቆመው ፊቱን አዩ፤ በልጅነቱ ራሱ ላይ እንዳደረጉት እጃቸውን አንስተው ራሱ ላይ ጫኑ፤ መልሰው አነሱት።

“እማዬ፣ ወዴት ነው? መኪናው እዚህ ነው።”

በሩን አልፈው ወጡ። ሁላችንም በበሩና በመስኮቱ ተደርበን እናያለን፤ የተከተለ ግን የለም። ግራሩ ሥር ደርሰው የሐዲዷን ቁራጭ በሁለት ጣታቸው ነካ አደረጓት፤ ድምፅ አላወጣችም። አባ ጉደታ ሮጠው ጋሪውን አዞሩና “እትዬ፣ ላድርስዎት?” አሉ። እንዳልሰሙ ሆነው አለፏቸው። ጃንጥላቸውን አልዘረጉም። አቧራው ነጠላቸው ላይ እንደ ዱቄት ይወርዳል። ወደ ቤታቸው የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ አልታጠፉም።